ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ከፈረንጅ አራዳ እስከ ጊንጆ ዳገት
ውሃ ቆጣሪ ነኝ፤ እንጀራዬ በዚያው ናት።
የብረቱን ክዳን በሣር ውስጥ ፈልጌ፣
በመዳፌ ጭቃ፣ ሸረሪት ጠርጌ፣
ያየሁትን አኃዝ ጽፌ እሄዳለሁ፤
ውሻ ካልነከሰኝ በቀን መቶ አያለሁ።

አምና በኅዳር ወር መመሪያ መጣልን፤
ፎቶ ኮፒ ሆኖ በየእጃችን ሰጡን።
"መስመር ባለፈበት፣ ቧንቧ በቀረበው፣
ይዞታ ያለው ሁሉ፣ ቢሠራም ባይሠራው፣
ቢጠጣም ባይጠጣም፣ ቤት ባይኖርበትም፣
የመገኘት ክፍያ አይቀርለትም።"
የመገኘት ክፍያ! ቃሉን ደጋገምኩት፤
እንደ አዲስ ጫማ፣ እየላጠኝ፣ ለመድኩት።

የአባ ዝናብ ቦታ ቦቾ ቦሬ ነው፤
ሁለት መቶ ካሬ፣ ግማሹ ደንገል ነው።
ለልጁ ለረውዳ ቤት ሊያቆም ነበር፤
ሲሚንቶ ዘለለ፤ ቀረ በአራት ማገር።
ምሰሶው በስብሶ እንጉዳይ አብቅሏል፤
ከአጥሩ ሥር ግን መስመር፣ ሰማያዊ፣ ያልፋል።
ቆጣሪም ተክለናል፣ ከምንም ያልታሰረ፣
ከተተከለ ወዲህ አንዴም ያልዞረ።

አብሮ አደጌ ነው። እስከ ሰባተኛ
አንድ ዴስክ ላይ ነበርን እሱና እኔ ብቻ።

ነሐሴ ላይ ሄድሁ።
"ዜሮ ነው" አልኩና ደረሰኙን ሰጠሁ።
"ዜሮ ስንት ብር ነው?" ብሎ ሲለኝ አፈርሁ።
ጣራ የለው፣ ገንዳ የለው፣ ባልዲም የለው፤
የዘጠኝ ወር ውዝፍ ግን በስሙ ያለው።
ዝናቡም ወረደ። ጅማ ናት፤ ይዘንባል።
"ይሄንንስ" አለኝ "ማን ያስከፍለኛል?"
በዝናብ ስም የጠሩትን ሊያመሰግን መስሎ
ፊቱን ለጠብታ ሰጠ፣ ቆቡን ጥሎ።

እኔም አስረዳሁት፤ ክፉ ሰው አይደለሁ፦
"ቦዬ ያለው ፓምፕ አይተኛም፣ አውቃለሁ፤
መብራቱን ይበላል፣ ክሎሪን ይጠጣል፣
አንተ ባትጠማም እሱ ግን ይጠማል።
ለመጣህ ለት እንዲኖር ዛሬ ይከፈላል፤
ዕድርስ ቢሆን፣ ወንድሜ፣ መች ሞት ይጠብቃል?"

"ዕድር" አለኝ ቆይቶ "ድንኳኑን አይቻለሁ፤
ሚስቴ ያረፈች ለት ሥሩ ተቀምጫለሁ።"

ሌላ አልጨመረም።
ደረሰኙን ወስዶ ቀስ ብሎ አነበበ፤
ጣቱን አንዲት ቃል ላይ አሳርፎ አሰበ።
"‹ውሃ አለ› ይላል። ይኸው ተጽፎ አለ።
ትዝ ይልሃል መምህር ሸዋረጋ ያለ?
ላልቶ ነው ጠብቆ? ንገረኝ በሞቴ።
ጠብቆ ከሆነ፣ አለ፤ ይምጣ ቤቴ።
ላልቶ ከሆነ ግን፣ ሰውዬው ‹ውሃ› አለ፤
ላለው ሁሉ ልክፈል፣ አንድ ሰው ስላለ?"

በጳጉሜን በሦስት፣ ገና ሳይነጋጋ፣
መስመሩ ፈነዳ ከአጥሩ ሥር፣ እዚያው ጋ።
ውሃው ሰው አክሎ ቆመ፤ ጄሪካን ተሰለፈ፤
ልጅ ሁሉ ጮኸ፤ ባጃጅ አላለፈ።
አባ ዝናብ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ፣
እንደ ሠርግ ደጋሽ፣ በሽርጥ አጊጦ፣
"ጠብቆ ኖሯል!" አለ፤ "አለ፣ ይኸው አለ!
ቀዱ፣ በኔ ስም ተከፍሏል፣ የቸገረው ካለ!"
(አልከፈለም ገና። አላረምኩትም።
ያን ጠዋት የኔም ቤት ጠብታ የለም፤
ሁለት ጄሪካን ይዤ ወረፋ ያዝኩ እኔም።)

በማግሥቱ ጠጋኝ መጣ ከነመፍቻው፤
አጠበቀው መስመሩን፤ ላላ ያ ደስታው።

ለመስከረም ንባብ ክዳኑን ገለጥሁ።
ያ ሁሉ ውሃ ያለፈው በውጭ ነው፤ ዜሮ አየሁ።
በመስታወቱ ሥር፣ ከየት እንደገባች፣
አንዲት ጠብታ ብቻ ዜሮው ላይ ተኝታለች።
ቅጹ ይጠይቃል፦ ውሃ አለ ወይስ የለም?
"አለ" ብዬ ጻፍሁ። ፊደል አይናገርም፤
ማጥበቅ ማላላቱን ለአንባቢ ይተዋል።
አንባቢው እኔ ነኝ።
ደመወዝ ሐሙስ ነው፤ ከዚሁ ይመጣል።